ሲጋራውና ስፓይሱ አብረው ይቁሙ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አንብቤ ማለፍ አልቻልኩም። ወንድምሽ እንግሊዝ አገር ታስሯል። እስር ቤቱ ሲጋራ ስለሚከለክል ማጨስ አቁሟል፤ ግን ስፓይስ፣ ማለትም በኬሚካል የሚሠራውንና እንደ ጋንጃ የሚጨሰውን ዕፅ፣ ይስባል የሚል ወሬ ሰምተሻል። ሲፈታ ሲጋራውን እንደተወ ይቀራል ወይ ነው ያልሽው። እኔም እዚያው አገር ታስሬ ወጥቻለሁ። ዛሬ ሲጋራም ሌላም አልነካም፤ በዚህም እኮራለሁ።

1. ሲጋራ ስለታጣ ሱሱ ለቀቀው ማለት አይደለም። የእንግሊዝ ዝግ እስር ቤቶች እስከ 2018 በፈረንጆቹ ድረስ ሁሉም ትምባሆ ከልክለዋል። ከዚያ ወዲህ ሱቃቸው የሚሸጠው ቬፕ (ኒኮቲን ያለበት የኤሌክትሪክ ሲጋራ) ነው። ስፓይስ ግን መንገድ አያጣም። ፈሳሹ ወረቀት ላይ ይነከርና ይደርቃል፣ ደብዳቤ መስሎ ይገባል። ብዙ እስር ቤት የቤተሰብን ደብዳቤ ፎቶኮፒ አድርጎ የሚሰጠው ለዚህ ነው። የልጄ እጅ ጽሑፍ ሳይሆን ኮፒው ሲደርሰኝ ምን ያህል እንደከፋኝ እኔ ነኝ የማውቀው። ስፓይስ የተነከረባት ወረቀት ተቆራርጣ ከሻይ ቅጠል ጋር ትጠቀለላለች። ስለዚህ ወንድምሽ ሲጨንቀው መፍትሔው አሁንም ጭስ መሳብ ነው። ትምባሆው ቀረ እንጂ ልማዱ እንዳለ ነው።

2. ሁለቱን፣ ስፓይሱንም የሲጋራውን ሱስም፣ አንድ ላይ እንዲያቆም ንገሪው። እኔ የተቃጠልኩት እዚህ ላይ ነው። የሲጋራ ማቆሚያ የምትሰጠው ነርስ ሌላ፣ የዕፅ ሱስ ሕክምና ክፍሉ ሌላ። ቬፑንም ጭምር ልተው ብዬ የኒኮቲን ፕላስተር፣ ቆዳ ላይ ተለጥፎ የሲጋራ አምሮትን የሚያስታግሰውን፣ ጠየቅኩ። ነርሷ ፋይሌን አየችና «መጀመሪያ ዕፁን ተው፣ ከዚያ ና» አለችኝ። ሌሎች እስረኞች እየሰሙ «ሸጠህ ስፓይስ ልትገዛበት ነው» ብላ ጨመረች። ፕላስተሩን ልጠው የሚያጨሱ መኖራቸው እውነት ነው። እኔ ግን ላቆም ነበር የሄድኩት! የዕፅ ክፍሉ ደግሞ «ኒኮቲኑን ለጊዜው እርሳው፣ ይከብድሃል» አለኝ። እስካሁን ያናድደኛል። ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ትንተና የሚለው ሌላ ነው፤ በሱስ ሕክምና ላይ እያሉ ሲጋራም ለማቆም የታገዙ ሰዎች ከዕፅና ከመጠጥ ርቀው የመቆየት ዕድላቸው በ25 በመቶ ያህል ከፍ ብሏል። በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ማመልከቻ ጻፍኩ። ዝም ሲሉኝ ቅሬታ ጻፍኩ። ያገለገለውን ፕላስተር እየመለስኩ አዲሱን እንድወስድ ራሴው ሐሳብ አቀረብኩ፤ ያኔ እምቢ የሚሉበት ምክንያት አጡ። ወንድምሽም ይህንኑ ይበላቸው። የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነው። እንቅልፍ የለም፣ በትንሹ መቆጣት አለ። ክፍል አብሮት ለሚኖረው ሰው አስቀድሞ ይንገረው።

መፈቻው ሲቃረብ ደግሞ የባሰ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አሜሪካ ሮድ አይላንድ ውስጥ፣ ማጨስ በተከለከለበት እስር ቤት፣ አንድ ጥናት ተደርጎ ነበር። ከመፈታታቸው በፊት ጀምሮ የማቆም ምክር ካገኙት ውስጥ ከወጡ 3 ሳምንት በኋላ ያላጨሱት 25 በመቶ ናቸው። ምክሩን ካላገኙት 7 በመቶ ብቻ። ስለዚህ ምክሩን ሳይወጣ በፊት ይጀምር። እንግሊዝ ውስጥ ጋንጃ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀለለው ከትምባሆ ጋር መሆኑንም እንዳይረሳ። ከእኔ ጋር የወጡ ልጆች «ሲጋራ አቁመናል፣ ጋንጃ ብቻ ነው» እያሉ ነው ወደ ሙሉ ፓኮ የተመለሱት። እኔ ከእነሱ ጋር አልገባሁም። አክስቴ ቤት ሄድኩ፤ እሷ ቤት እንኳን ሲጋራ ክብሪትም በቁጥር ነው። በማግስቱ ፋርማሲ ገብቼ ማቆም እፈልጋለሁ አልኩ፤ ፕላስተርና የኒኮቲን ማስቲካ አንድ ላይ ሰጡኝ። ሁለቱ ሲጣመሩ ከአንዱ ብቻ ይሻላሉ።

ሲደውልልሽ «አቆምክ ወይ?» እያልሽ አታጨናንቂው። ማመልከቻውን አስገብቶ እንደሆነ ብቻ ጠይቂው። ካልመለሱለት እዚሁ ጻፊልኝ፣ ቅሬታውን አብረን እናዘጋጃለን።