ሽፋኑ ላይ ያልተጻፉ ተቀባዮች

ሰሞኑን አንዲት ወጣት ድምፃዊት ልታማክረኝ መጣች። ለአንድ ታዋቂ ዘፋኝ አልበም ተቀባይ ሆና፣ ማለትም ዘፋኙን ከኋላ በድምፅ እያጀበች ሠርታለች። ክፍያዋን ሳትጉላላ አግኝታለች። ዘፈኑ ዩቲዩብ ላይ ሲወጣ ግን ከግጥም ደራሲው እስከ ካሜራ ረዳቱ ድረስ ሁሉም ተጠቅሶ የእሷ ስም የለም። «ጋሼ፣ ብጠይቅ ነገረኛ እባላለሁ?» አለችኝ።

ቶሎ አልመለስኩላትም። ሐሳቤ ካሴት ዘመን ገብቶ ቀረ።

ያኔ የስቱዲዮ ረዳት ነበርኩ። ረዳት ማለት ገመድ ይጠቀልላል፣ ማይክ ያቆማል፣ ሻይ ያመላልሳል። አለቃዬ አሜሪካ ኖሮ የመጣ ሰው ነው፤ ጆሮው ለጉድ ነው። ዲትሮይት የነበረው ሞታውን የሚባል ኩባንያ ያሳተማቸው ሸክላዎች ነበሩት። እነሱን ማንም እንዲነካበት አይፈልግም።

አንድ ማታ ቀረጻ ጨረስን። የሰዓት እላፊ ጊዜ ስለሆነ የገባ ሰው እስኪነጋ አይወጣም። ሙዚቀኞቹ ወንበር ላይ እንቅልፍ ጥሏቸዋል። አለቃዬ አንድ ሸክላ አወጣና አስቀመጠ። የዳያና ሮስ እና የሱፕሪምስ «ሰምዴይ ዊል ቢ ቱጌዘር» ነው። «እስቲ ጆሮህን ልየው። ስንት ሰው ይዘፍናል?» አለኝ።

ሱፕሪምስ ሦስት ሴቶች መሆናቸውን አውቃለሁ። ከኋላ ደግሞ የሚያበረታታ የወንድ ድምፅ ይሰማል። ኮራ ብዬ «ሦስት ሴት፣ አንድ ወንድ» አልኩት።

ሳቀብኝ። «ከሱፕሪምስ እዚህ ያለችው ዳያና ብቻ ናት» አለ። አላመንኩትም። ሽፋኑን አገላብጬ ባየው የተጻፈው የቡድኑ ስም ነው። ደግሞ ከፈተው። ደግመን ሰማነው። እኔ ግን ያው ሦስት ሴት ነው የሰማሁት።

ዝርዝሩን ያገኘሁት ከዓመታት በኋላ አንብቤ ነው። ዘፈኑ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1961 የወጣ ነው። ጆኒ ብሪስቶል እና ጃኪ ቢቨርስ ከሃርቪ ፉኳ ጋር ደርሰውት፣ ሁለቱ ራሳቸው በቅብብል ዘፈኑት። ትራይ ፋይ የሚባል ትንሽ ኩባንያ አሳተመው፤ ልብ ያለው ሰው አልነበረም። ስምንት ዓመት ቆይቶ ብሪስቶል ሞታውን ውስጥ ፕሮዲዩሰር ሆኖ ሙዚቃውን እንደገና ሠራው፤ ያሰበው ጁኒየር ዎከር ለሚባል ለሌላ የሞታውን ሙዚቀኛ ነበር። የኩባንያው ባለቤት ቤሪ ጎርዲ ሲሰማው «ለዳያና ይሁን» አለ። ዳያና ከቡድኑ ወጥታ ብቻዋን ልትሠራ እየተሰናዳች ነበርና።

ለቅብሉ ማክሲን እና ጁሊያ ዋተርስ የሚባሉ እህትማማቾች ተቀጠሩ። የቡድኑ አባላት ሜሪ ዊልሰን እና ሲንዲ በርድሶንግ አልተጠሩም። ያ የወንድ ድምፅ ደግሞ ራሱ ብሪስቶል ነው። ዳያና ስሜቱ አልመጣላት ሲል በሌላ ማይክ እየዘፈነ ያበረታታት ነበር። ክሩ ላይ አብሮ ተቀረጸ፤ ጎርዲ ወደደውና ሳይቆረጥ ቀረ። እኔ ያን ድምፅ ስንት ጊዜ እንደ ስህተት ቆርጬ በጣልኩት ነበር!

ከዚያ ይኸው ዘፈን የቡድኑ መሰናበቻ እንዲሆን ተወሰነ። በ1969 ጥቅምት ገደማ በሱፕሪምስ ስም ወጣ። በታኅሣሥ መጨረሻ ቢልቦርድ በሚባለው የአሜሪካ የዘፈኖች ደረጃ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነ። ለቡድኑ 12ኛውና የመጨረሻው አንደኛ ነው፤ ለስድሳዎቹም የመጨረሻው አንደኛ ሆኖ ተመዘገበ። ጃንዋሪ 14 ቀን 1970 ላስ ቬጋስ፣ ፍሮንቲየር ሆቴል፣ የስንብት መድረኩ ላይ ሜሪ እና ሲንዲ ከዳያና ጎን ቆመው ተቀበሉት። ሌሎች የቀረጹትን ቅብል እነሱ ዘፈኑት፤ ሕዝቡም አጨበጨበ።

ስለ ፍሎረንስ ባላርድ ካነሳሁ ወሬዬ አያልቅም። ቡድኑን ከመሠረቱት አንዷ ናት። በ1967 ከቡድኑ ወጣች፤ በዚያው ዓመት የዳያና ስም ከሱፕሪምስ ፊት መጻፍ ጀመረ። በ1976 በ32 ዓመቷ ሞተች። ድምፅ ምረጥ ካላችሁኝ የእሷን እመርጣለሁ። ይህን ስል የሚቆጡኝ ጓደኞች አሉኝ።

ወደዚያ ሌሊት ልመለስ። ስንቀርጽ ያመሸነው ዘፈን ሁለት ሴት ተቀባዮች ነበሩት። አንዷ ወፍራም ድምፅ አላት። አቀናባሪው ያልሰጣትን አንድ መልስ ከራሷ ፈጥራ ጣል አደረገች። ዘፋኙ ሳቀ፤ አለቃዬ «እንዳትነኩት» አለ። ስማቸውን በወረቀት ጽፌ ለሙዚቃ ቤቱ እንድሰጥ ታዘዝኩ፤ ጽፌ ሰጠሁ። ካሴቱ ሲወጣ ሽፋኑ ላይ ዘፋኙ አለ፣ ባንዱ አለ፣ የሙዚቃ ቤቱ ስልክም በደማቁ አለ። ሴቶቹ የሉም። ለምን ብዬ ብጠይቅ «ቦታ አልበቃም» አሉኝ።

ዛሬ ሠርግ ላይ ያ ዘፈን ሲከፈት ሕዝቡ አብሮ የሚዘፍነው የእሷን መልስ ነው። የዘፋኙን ግጥም ግማሹ ሰው አያውቀውም። ተቀባይ እንደ ወጥ ቁሌት ነው፤ የበላ ሁሉ የሚያመሰግነው ሥጋውን ነው። የአባቷን ስም ረስቼዋለሁ። ያኔ ከነበሩት የሚያስታውስ ካለ ብዬ ጠይቄያለሁ፤ አንዱ «ወፍራሟ ድምፅ?» ይለኛል፤ ከዚያ ወዲያ የሚጨምረው የለም። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ጠይቁ። የምትጠይቁት ግን ማይክ ፊት ከመቆማችሁ በፊት ይሁን። በቴሌግራምም ቢሆን በጽሑፍ ይሁን። ሥራው ከወጣ በኋላም ቢሆን የዩቲዩብ መግለጫ ለማረም ጥቂት ደቂቃ አይፈጅም፤ ስለዚህ ያቺ ልጅ ትደውል ብያታለሁ። ፌስቡክ ላይ ግን አትውጣ። የዛሬ ልጆች ከመደወል በፊት ፖስት ማድረግ ትወዳላችሁ፤ ኋላ መታረቂያ ታጣላችሁ። ልምምድ ሳይጀመር ስለ ስም አጻጻፍ ቅደም ተከተል የሚጨቃጨቅም አይቻለሁ። እሱ ደግሞ ሌላ በሽታ ነው።

አሁን ደግሞ የራሴን ምክር ላፍርስ። ስማችሁን አንጽፍም ካሏችሁስ? ሥራው ጥሩ ከሆነ እኔ ብሆን እዘፍናለሁ። የዋተርስ እህቶች ያን ቀን በሌሎች ስም ዘፍነው ሄዱ፤ በኋላ የማይክል ጃክሰን «ትሪለር» አልበም ላይም ተቀብለዋል። ማን እንደዘፈነ ስቱዲዮ ውስጥ ያለ ሰው ያውቃል፤ ቀጣዩ ሥራ የሚመጣውም ከዚያ ነው። ያቺ ልጅ ይህን ስላት ፊቷ ጠቆረ። «ታዲያ ልጠይቅ ወይስ ልተው?» አለች። ጠይቂ አልኳት።

አንድ ነገር ልጨምር። ስማችሁን በእንግሊዝኛ ፊደል ስትሰጡ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አድርጋችሁ ጻፉት። አንዱ አልበም ላይ በአንድ ዓይነት፣ ሌላው ላይ በሌላ ፊደል ከወጣ፣ ስፖቲፋይ ሁለት ሰው አድርጎ ነው የሚቆጥራችሁ።