ሦስታችንም ልክ ነበርን፣ መኪናዋ ግን አልሰራችም

ልጆች፣ በዚህ ሴሚስተር በቡድን ሆናችሁ ራሷን የምትነዳ ትንሽ መኪና ልትሰሩ ነው አሉ። ደስ ይላል። እኔ በዚህ ሙያ ፀጉሬ ሸብቷል፤ ስለዚህ አንድ ነገር ልበላችሁ። ሥራውን ተከፋፍላችሁ ስታበቁ «በመጨረሻው ሳምንት እንገጣጥመዋለን» እንዳትሉ።

እኛ እንደዛ ብለን ነበር። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ነው። አንዱ መሪውን፣ አንዱ ብሬኩን፣ እኔ የርቀት ሴንሰሩን ያዝን። ሦስቱ ቦርዶች የሚነጋገሩት በካን ባስ ነው፤ መኪና ውስጥ መልእክት የሚመላለስባቸው ሁለት የተጠማዘዙ ሽቦዎች ማለት ነው። ሁለት ሁለቱን እያገናኘን ስንሞክር ቀጥ ብሎ ይሰራል። ሦስቱን ስናገናኝ ግን አንዴ ይሰራል፣ አንዴ ድርግም። እኔ «ብሬኩ ነው» እላለሁ፣ ብሬክ የያዘው «ያንተ ኮድ ነው» ይላል፣ ሦስተኛው ኩርፊያ ጀመረ፤ እንዲህ እየተባባልን ሦስት ሌሊት ነጋብን።

ጉዱን ያወጣችው ሪፖርት እንድትጽፍ የመደብናት ልጅ ናት። (ሪፖርት የሰጠናት ሌላ ነገር አትችልም ብለን ነው። ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ።) ለሪፖርቷ ብላ እያንዳንዳችንን ቦርዳችሁ ላይ ምን አለ ብላ ጠየቀች። ሦስታችንም «120 ኦም ሬዚስተር አለው» አልናት። (ሬዚስተር ኤሌክትሪክ እንደ ልብ እንዳያልፍ የሚገድብ ትንሽ ዕቃ ነው፣ ኦም ደግሞ መለኪያው።) ባትሪውን ነቀለችና የኤሌክትሪክ መለኪያውን፣ መልቲሜትሩን፣ ሁለቱ ሽቦዎች ላይ አሳረፈች። 40 ኦም! መሆን ያለበት 60 ነው፤ ሬዚስተሩ የሚገባው በመስመሩ ሁለት ጫፍ ላይ ብቻ ነዋ። በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ጎን ለጎን ሲገቡ ሁለት 120ዎች 60 ይሰጣሉ፣ ሦስት ሲሆኑ 40። የመሃለኛውን አወጣነው፣ አለቀ።

መዘግየትም እንደዚሁ ነው። ካሜራ የያዘው «የኔ የሚዘገየው 80 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው» ይላል፣ ውሳኔ የሚሰጠውን ፕሮግራም የጻፈችው 60፣ ብሬኩ ሌላ 60። ለየብቻ ስታዩት ምንም አይደል። ድምሩ ግን 200 ነው፤ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የምትሄድ መኪና ብሬክ ሳትነካ 2 ሜትር ትሄዳለች። ያ 2 ሜትር የማንም ሥራ ስላልሆነ ማንም አይጠይቅም። ከመካከላችሁ አንድ ሰው ድምሩን ብቻ የሚከታተል ይኑር።

ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት አገናኙት። አስቀያሚ ይሁን፣ ሴንሰሩ ውሸት ቁጥር ይላክ፣ ብቻ ከጫፍ እስከ ጫፍ መልእክት ይለፍ። ከዛ በኋላ ያለው ማሻሻል ነው።

መጀመሪያ ላይ ብትወድቁም አትደንግጡ። በ2004 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ዳርፓ የሚባለው የመከላከያ ሚኒስቴሩ የምርምር ተቋም ያለ ሹፌር የሚሄዱ መኪናዎችን በረሃ ላይ አወዳድሮ ነበር። ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ከሆነው መንገድ ከሁሉም የተሻለችው የሄደችው 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የጨረሰ የለም። በቀጣዩ ዓመት አምስት መኪናዎች ጨረሱ፣ አንደኛ የወጣችውም የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ቡድን መኪና ናት።

ሌላው፣ ቀዩን የማቆሚያ ቁልፍ በኮድ አትስሩት። ኮዱ ከተቆላለፈ ቁልፉም አብሮ ዝም ይላል፤ የሞተሩን ኃይል በቀጥታ የሚቆርጥ ይሁን። እኛ ይሄን የተማርነው መኪናዋን በእጃችን ስናሳድድ ነው።