የአንባቢያን ጥያቄ፦ አገር «አደጋ ነው» ያለችውን ሰው ማባረር አትችልም?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከአዘዞ ነው። ሰሞኑን ከጓደኞቼ ጋር ፒያሳ ቡና ስንጠጣ ክርክር ተነሣና ሳንስማማ ተለያየን። እንግሊዝ አቡ ቃታዳ የሚባለውን ሰባኪ በሽብር ጠርጥራ ወደ አገሩ ወደ ዮርዳኖስ ለመላክ ስንት ዓመት እንደፈጀባት አንዱ ጓደኛችን አነሣ። መንግሥት «ለአገሬ አደጋ ነው» ካለ በኋላ ከውጭ ያለ ፍርድ ቤት «አትልከውም» ማለት ከቻለ ሉዓላዊነት የሚባለው ነገር ምኑ ላይ ነው? ቤቴ ማን እንደሚያድር የምወስነው እኔ አይደለሁም እንዴ? ደግሞ በቦምብ ለሞቱት ሰዎችስ ማን ይሟገታል? እንዳይቆጡኝ እንጂ እኔ የሰብዓዊ መብት ሕግ የወንጀለኛ መጠለያ ሆኗል ባይ ነኝ።

መልስ፦ ለምን እቆጣለሁ፣ ወንድሜ? ይህን ጥያቄ በልቡ ይዞ የሚዞር ብዙ ሰው አለ። ስለ ሟቾቹ ያልከውም ትክክል ነው። ቤተሰቦቻቸው ፍትሕ ይገባቸዋል። እኔ ከአንተ የምለየው ያ ፍትሕ በየት በኩል ይመጣል በሚለው ላይ ነው።

እስቲ መጀመሪያ የሆነውን እንይ፤ ይህ ጉዳይ ሲወራ መሐሉ ተቆርጦ ነው የሚወራው። ሰውየው እንግሊዝ የገባው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። በዓመቱ ጥገኝነት ተሰጠው። ከዚያ በኋላ ዮርዳኖስ ከቦምብ ሴራ ጋር አያይዛ በሌለበት ሁለት ጊዜ ፈረደችበት። እንግሊዞች ከ2002 ጀምሮ ሲያስሩት፣ ሲለቁት፣ መልሰው ሲያስሩት ኖሩ፤ በራሳቸው ፍርድ ቤት ግን በሽብር ወንጀል ከሰው አላቀረቡትም። ይልቁንስ ዲፖርት እናድርገው አሉ።

ጉዳዩ ስትራስቡርግ ወዳለው የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት ሄደና በ2012 መጀመሪያ ውሳኔ ተሰጠ። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ፍርድ ቤቱ «ዮርዳኖስ ታሰቃየዋለች» ብሎ አይደለም ያገደው። እንዲያውም ዮርዳኖስ «አንነካውም» ብላ ለእንግሊዝ በጽሑፍ የሰጠችውን ማረጋገጫ ተቀብሎታል። ያስቸገረው ሌላ ነው። እዚያ ሲደርስ እንደገና የሚዳኝበት ማስረጃ ሌሎች ሰዎች ሲሰቃዩ የሰጡት ቃል ሊሆን ይችላል የሚል ከባድ ስጋት ነበር። እንዲህ ያለ ችሎት ፍትሐዊ አይደለም ተባለ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ የእንግሊዝ የራሷ ዳኞችም መላኩን ከለከሉ። ስለዚህ «ከውጭ መጥተው አገዱት» የሚለው ወሬ ግማሹን ብቻ ነው የሚናገረው።

ከዚያስ? እንግሊዝ ከዮርዳኖስ ጋር ስምምነት ተፈራረመች። በስቃይ የተገኘ ቃል ችሎት ላይ እንዳይቀርብ የሚያደርግ ስምምነት ነው። ሰውየውም በጁላይ 2013 ሄደ። በ2014 ዳኞች ፊት ቀርቦ በሁለቱም ክስ በቂ ማስረጃ የለም ተብሎ ነጻ ወጣ። ይህን ስልህ ሰውየው ንጹሕ መልአክ ነበር ማለቴ አይደለም፤ የሚሰብከው ነገር ብዙዎችን ያስቆጣ ነው፣ እኔንም ጭምር። ግን ያንን ስምምነት ሳይጠብቁ ጭነው ልከውት ቢሆን ኖሮ፣ ኋላ ላይ ዳኞች «አይበቃም» ባሉት ክስ ዕድሜውን እስር ቤት ሊጨርስ ይችል ነበር። ያ ለሟቾቹ ቤተሰቦች ፍትሕ ነው?

ወደ ሉዓላዊነቱ ልምጣ። የስትራስቡርጉ ፍርድ ቤት የሚዳኝበትን የአውሮፓን የሰብዓዊ መብቶች ስምምነት ከሁሉም ቀድማ በ1951 ያጸደቀችው ራሷ እንግሊዝ ናት። ማንም አላስገደዳትም። ከፈለገች መውጣትም ትችላለች፣ በሩ ክፍት ነው፣ እንውጣ የሚሉ ፖለቲከኞችም በየጊዜው ይነሣሉ። በገዛ ፈቃዱ ቃል የገባ፣ ሲፈልግም ሥርዓቱን ጠብቆ ቃሉን ማንሣት የሚችል መንግሥት ሉዓላዊነቱን ተነጠቀ አይባልም። ቤቴ ማን እንደሚያድር እኔ ነኝ የምወስነው ያልከው ልክ ነው። እንግዳውን ከቤትህ ማስወጣት ትችላለህ። ደጅ ላይ ቆሞ ለሚጠብቀው ገዳዩ አሳልፈህ መስጠት ግን ሌላ ነገር ነው። ሕጉ የሚከለክለው ሁለተኛውን ነው።

እንግሊዝ ይህንን ለማስቀየር ታግላለች፤ በ1996 ወደ ሕንድ ልትልከው በፈለገችው በአንድ ሲክ (በሕንድ ያለ ሃይማኖት ተከታይ) ተገንጣይ ጉዳይ ላይ «የአገር ደኅንነትና የሰውየው ስቃይ በሚዛን ይታዩ» ብላ ተከራከረች፣ የስትራስቡርጉ ፍርድ ቤት 12 ለ7 በሆነ ድምፅ አይመዘንም አላት። በ2008 ጣሊያን አንድ ቱኒዚያዊ ልትልክ ስትል እንግሊዝ በጣልቃ ገብነት ገብታ ያንኑ ክርክር አነሣች። ያኔ ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ እምቢ አሉ። እኔም ከዳኞቹ ጋር ነኝ። ለምን መሰለህ? ሚዛኑን የሚይዘው ከሳሹ መንግሥት ነው። «አደጋ ነው» የሚለው ማስረጃ ምስጢር ነው ይባላል፤ ተጠርጣሪው አያየውም፣ ጠበቃው አያየውም፣ አንተም እኔም አናየውም። ባላየነው ማስረጃ ሰው ለስቃይ ይሰጥ የምንል ከሆነ ነገ ያ ማስረጃ በማን ላይ እንደሚመዘዝ አናውቅም። ነግ በኔ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ደግሞ ይህ የፈረንጅ ጣጣ ብቻ እንዳይመስልህ። ኢትዮጵያ ማሰቃየትን የሚከለክለውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1994 ተቀብላለች። አንቀጽ 3 ሰው ወደሚሰቃይበት አገር አይላክም ይላል፣ «አሸባሪ ካልሆነ በቀር» የሚል ቃል የለውም። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 9 ደግሞ አገሪቱ ያጸደቀቻቸው ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው ይላል። የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት ለደኅንነት አደጋ የሆነ ስደተኛ እንዲመለስ የሚፈቅድ ልዩ ሁኔታ አስቀምጧል። እዚሁ አዲስ አበባ በ1969 የተፈረመው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የስደተኞች ስምምነት ግን ሰውን ወደ አደጋ መመለስን ሲከለክል ያንን ልዩ ሁኔታ አላስገባም። በዚህ ነጥብ የአፍሪካው ስምምነት ከዓለም አቀፉ ይልቅ ጠንካራ ነው።

ጎንደሬ ስለሆንክ አንድ ነገር ላስታውስህ። በነገሥታቱ ዘመን እጨጌ ቤት የመማፀኛ ሰፈር ነበር። ከግንቡ ብዙም ሳይርቅ፣ ንጉሡ በተቀመጠበት ከተማ ውስጥ፣ ንጉሡ የሚፈልገው ሰው እዚያ ከተጠጋ በጉልበት ጎትቶ ማውጣት ነውር ነበር። ያኔ የመጡ የውጭ መንገደኞች ሳይቀሩ ጽፈውታል። ሁልጊዜ ተከብሯል አልልም። ግን በዚያ ምክንያት «የጎንደር ንጉሥ ንጉሥ አይደለም» ያለ ሰው አልነበረም። ሥልጣን ወሰን ሲኖረው ሥልጣንነቱ አይቀርም።

ወሰን ሲጠፋ ምን እንደሚመጣም በዓይናችን አይተናል። በ1990 ዓ.ም. የኤርትራ ጦርነት ሲጀመር «ለአገር ደኅንነት» ተብሎ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከኢትዮጵያ ተባረሩ። ዕድሜህ ከደረሰ ጎረቤት ታስታውስ ይሆናል፤ ካልደረሰ አባትህን ጠይቃቸው። ኋላ ጉዳዩን ያየው ዘ ሄግ የነበረው የኤርትራና የኢትዮጵያ የይገባኛል ጥያቄ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2004 ውሳኔውን ሲሰጥ ሁለት ነገር ለየ። ተጣርቶ የሁለት አገር ዜግነት እንዳላቸውና ለደኅንነት ስጋት እንደሆኑ በተለዩት ላይ መንግሥት መብት ነበረው አለ። የአካባቢ ባለሥልጣናት ያለ በቂ ምክንያት ያባረሯቸውን፣ የሌላ አገር ዜግነት ሳይኖራቸው በስህተት ዜግነታቸውን የተነጠቁትን በተመለከተ ግን ኢትዮጵያ ተጠያቂ ናት አለ። አየህ፣ ማባረር ራሱ ክልክል አይደለም። ሰውን አንድ በአንድ ሳያዩ፣ ሳያጣሩ፣ ቃሉን ሳይሰሙ ማባረር ነው ክልክሉ።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፣ ማራኪ ግቢ። እሺ፣ አይላክ። ግን ሰውየው እውነት አደገኛ ቢሆንስ? ዝም ተብሎ በከተማ ይዘዋወር?

መልስ፦ አይዘዋወር። ይከሰስ። ሽብር በየትኛውም አገር ወንጀል ነው፤ ማስረጃ ካለ ያለበት አገር ፍርድ ቤት ይቅረብ። አንዳንድ መንግሥታት ግን አቋራጭ ይወዳሉ። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2001ዱ የአሜሪካ ጥቃት በኋላ ማባረር ያልቻለቻቸውን የውጭ ዜጎች ያለ ክስ ቤልማርሽ በሚባል እስር ቤት አጎረቻቸው። በ2004 የአገሪቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት 8 ለ1 በሆነ ድምፅ ትክክል አይደለም አለ። አንዱ ምክንያት በጣም ቀላል ነው፦ ያው ስጋት ያለባቸው የእንግሊዝ ዜጎች እያሉ የውጭ ዜጋውን ብቻ ለይቶ ማሰር አድልዎ ነው። ከዚያ በኋላ የቁጥጥር ትእዛዝ መጣ፤ ሰውየው የት እንደሚያድር፣ ስልክ ይያዝ አይያዝ የሚወስን።

ከባድ የሚሆነው ማስረጃው ከስለላ የመጣ ሲሆን ነው። ችሎት ላይ ካወጡት መረጃ ሰጪው ይጋለጣል፣ ካላወጡት ሰውየው አይፈረድበትም። ይህ እውነተኛ ችግር ነው፤ የሰብዓዊ መብት ተሟጋቾች አንዳንዴ በቀላሉ ሲያልፉት ደስ አይለኝም። ሆኖም አቋራጩ ምን እንዳመጣ ተመልከት። ቢንያም መሐመድ ኢትዮጵያ የተወለደ፣ እንግሊዝ ይኖር የነበረ ልጅ ነው። በ2002 ፓኪስታን ተያዘ፣ ያለ ምንም ፍርድ ቤት ሞሮኮ ተወሰደ፣ እዚያ እንደተሰቃየ ተናገረ፣ መጨረሻው ጓንታናሞ ሆነ። ክሱ ተነሣለትና በ2009 ተለቀቀ። ሰባት ዓመት ያህል ሄዷል፣ የተፈረደ ነገር የለም። እውነት ወንጀል ሠርቶ ቢሆን እንኳ በዚያ መንገድ ማስረዳት አይቻልም፤ ማስረጃውን ያበላሹት ራሳቸው ናቸው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ የሽምብራ ነጋዴ ነኝ፣ ሕግ አላውቅም። ልጄ አውሮፓ ነው። ድሮ አሸባሪ በተባለ ድርጅት ውስጥ ነበረ። አሁን እንልክሃለን የሚል ደብዳቤ ደረሰው። እንቅልፍ አጣሁ።

መልስ፦ እናቴ፣ አይዞዎት። «አሸባሪ» የሚለው ስም እንዴት እንደሚመጣና እንደሚሄድ እዚሁ አይተነዋል። ግንቦት 7 የተባለውን ተቃዋሚ ድርጅት ፓርላማው በ2003 ዓ.ም. አሸባሪ ብሎ ፈረጀው፣ ያው ፓርላማ በ2010 ዓ.ም. ስሙን አነሣለት። በመሐል ከድርጅቱ መሪዎች አንዱ የነበሩት አቶ አንዳርጋቸው ጽጌ፣ የእንግሊዝ ዜጋ ሆነው ሳለ፣ በሰኔ 2006 ዓ.ም. የመን ውስጥ ሰንዓ አውሮፕላን ማረፊያ ተይዘው አንድም ዳኛ ሳያያቸው ለኢትዮጵያ ተሰጡ። በሌሉበት ሞት ተፈርዶባቸው ነበር። በግንቦት 2010 ተፈቱ፣ ብዙም ሳይቆዩ ቤተ መንግሥት ተጋብዘው ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጋር ተቀመጡ። ፖለቲካቸውን ይውደዱም ይጥሉም፣ ፍረጃውም ፍርዱም ሲነሣ እነዚያ የእስር ዓመታት አልተመለሱም። የሞት ፍርዱ ተፈጽሞ ቢሆንማ ምን ይመለስ ነበር?

የልጅዎ ሁኔታ ከዚህ ይሻላል፤ ደብዳቤ ደርሶታል፣ ያለውም ፍርድ ቤት ባለበት አገር ነው። እንዲህ ይበሉት። ዛሬውኑ የስደተኞች ጉዳይ የሚይዝ ጠበቃ ያግኝ፤ ገንዘብ ባይኖረው መንግሥት ወይም በጎ አድራጎት ድርጅት የሚከፍልለት ጠበቃ እንዳለ ይጠይቅ። የነበረበትን ድርጅት አይደብቅ፣ ውሸት ከተገኘበት ሌላው እውነቱም አይታመንም። እዚህ ቢመለስ ምን ሊደርስበት እንደሚችል የሚያሳይ ወረቀት ካለ፣ የእስር ማዘዣ ይሁን የፍርድ ቤት መጥሪያ፣ እርስዎ ቤት ካለው ሳጥን ፈልገው በፎቶ ይላኩለት። «በፈቃዴ እመለሳለሁ» የሚል ወረቀት ጠበቃው ሳያነብለት እንዳይፈርም። በአገሩ ያሉ ፍርድ ቤቶች ሁሉ እምቢ ካሉትና መላኪያው ቀን ከቀረበ፣ ጠበቃው ስትራስቡርግ ላለው ፍርድ ቤት አስቸኳይ የእግድ ጥያቄ ማቅረብ ይችላል። ደብዳቤው የደረሰበትንም ቀን ይጠይቁት፤ የይግባኙ ጊዜ አጭር ነው፣ አንዳንድ ቦታ በቀናት ነው የሚቆጠረው።