«ምኑን ላስቀድም?» ላልሽው፦ የሚቀነሰውን ሳትለዪ የሚቀድመው ቦታ አያገኝም

እህቴ፣ «ከጠዋት እስከ ማታ እሯሯጣለሁ፤ ሳምንቱ ሲያልቅ ግን ለልጆቼም ለራሴም ጊዜ አልተረፈኝም፤ ምኑን ላስቀድም?» ብለሻል። ሥራን በቅደም ተከተል መጻፍ ብቻውን አይበቃም። ዝርዝሩ አናት ላይ የተጻፈ ነገር ሰዓት ካልተቆረጠለት እዚያው ይከርማል፤ ሰዓቱ ደግሞ ከሌላ ነገር ላይ ነው የሚቀነሰው።

ሳምንት 168 ሰዓት ነው። በቀን 8 ሰዓት ከተኛሽ 56ቱ ሄደ። 45 ሰዓት ሥራ፣ 8 ሰዓት መንገድ፣ 25 ሰዓት የቤት ሥራ ቢባል 34 ይተርፋል። የራስሽን ቁጥር አስገቢበት። «ይህን ያህልማ የለኝም» ካልሽ፣ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ሰዓቱ በአሥርና በሃያ ደቂቃ ተበጣጥሶ ማለቁ ነው።

ስለዚህ ቅዳሜና እሑድን ጨምረሽ ለ7 ቀን በየግማሽ ሰዓቱ ምን እንደሠራሽ መዝግቢ። በቀን አራት ጊዜ ጻፊው እንጂ ለማታ አታቆዪው፤ ማታ ላይ ትዝ የሚልሽ ያሰብሽው እንጂ የሠራሽው አይደለም። ያደሰሽን በመደመር፣ ያደከመሽን በመቀነስ ምልክት ለዪ።

ከዚያ ሁለት ነገር ብቻ ምረጪ። «ከልጆቼ ጋር መሆን» ዕቅድ አይባልም፤ «ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ከ1 እስከ 2 ሰዓት፣ ስልክ ሌላ ክፍል ተቀምጦ» ግን ዕቅድ ነው። በጠቅላላው በሳምንት ከ3 ወይም ከ4 ሰዓት ጀምሪ። ከጎኑ ሰዓቱ ከየት እንደሚመጣ ጻፊ። ከእንቅልፍ አትውሰጂ፤ ለአዋቂ ሰው ቢያንስ 7 ሰዓት ያስፈልገዋል። መልእክት መመለስን በቀን ሁለቴ አድርጊው፤ ማንም ልብ የማይለውን ሥራ ተዪው። ለቤተሰብ የምታስተላልፊውን ደግሞ ከነሐሳቡ አስተላልፊ፦ ልብስ የሚያጥበው ሌላ፣ «ዛሬ ይታጠብ» ብለሽ የምታስታውሺው አንቺ ከሆንሽ፣ ሸክሙ አሁንም ያንቺ ነው። እዚህ ላይ በግልጽ ተነጋገሩ፤ ብዙ ቤት ውስጥ ትልቁ ሰዓት የሚገኘው ከዚህ ነው።

ዕቅድ የሚፈርሰው በአብዛኛው ሥራ የሚፈጀውን ጊዜ አሳንሰን ስለምንገምት ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ካህነማንና ትቨርስኪ ይህን ዝንባሌ በ1979 (እ.ኤ.አ.) ጽፈውበታል፦ ሰው የሚያሰላው ሁሉም ነገር ከተሳካ ብሎ ነው። ግምትሽን ትተሽ ባለፈው ስንት እንደፈጀ ከመዝገብሽ እዪ፤ መዝገብ ከሌለሽ በግምትሽ ላይ የራሱን ግማሽ ጨምሪበት። ከ34ቱም ከ25 በላይ አታስይዢ። የተያዘ ሰዓት ከተስተጓጎለ አትሰርዢው፤ ለዚሁ ብለሽ ቅዳሜ ባዶ ወደተውሽው ሰዓት አዛውሪው። አዲስ ነገር ስትጠየቂም ወዲያው «እሺ» አትበዪ፤ «አይቼ ነገ እነግርሃለሁ» ብለሽ ምን እንደሚወጣለት ፈልጊ።

በየሳምንቱ 20 ደቂቃ ገምግሚ። ለአንድ ነገር የያዝሽው ሰዓት ሦስት ሳምንት በተከታታይ ካልሠራ፣ መጀመሪያ ቀኑን ቀይሪ፤ ያም ካልሆነ ነገሩን ለጊዜው አንሺው። ጨቅላ ወይም በሽተኛ የምታስታምሚ ከሆነ ግን ትርፉ 5 ሰዓት ላይሞላ ይችላል፤ ያኔ የሚያስፈልግሽ ከዕቅድ ይልቅ የሚተካሽ ሰው ነውና እሱን አስቀድመሽ ጠይቂ።