ለቪትዝ ጥገና 92 ሺህ ብር ተጠየቅሁ ላልሽው እህቴ

ሰላም እህቴ። ላላነበባችሁ ጥያቄዋን ባጭሩ ልድገመው። የ2003 ሞዴል (በፈረንጅ) ቶዮታ ቪትዝ አላት። ስፒድ ብሬከር ስታልፍ ከፊት በኩል ኳ ኳ ይላል። ፍሬን ስትይዝ ደግሞ ሲጥ ይላል። ላንቻ አካባቢ ያለ ጋራዥ ወስዳው ፕሮፎርማ ሠሩላት። አራት አሞርዛተር (መኪናዋ እንዳትዘልል የሚይዘው ቱቦ) 38 ሺህ፣ የፊት ፍሬን ሸራ (ዲስኩን ጨብጦ የሚያቆመው) 4,500፣ ሁለት ዲስክ (ከጎማው ጋር የሚዞረው ብረት) 14 ሺህ፣ ጎሚኒ (በብረቶች መሃል የሚገባ ላስቲክ) 4,500፣ አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከል) 2 ሺህ፣ የእጅ 12 ሺህ፣ «ልዩ ልዩ» 5 ሺህ። ድምሩ 80 ሺህ፣ ከቫት ጋር 92 ሺህ ብር። «እየተበላሁ ነው ወይስ የዘመኑ ዋጋ ነው?» ትላለች።

ከእኔ በፊት የመለሳችሁ ለሁለት ተከፍላችኋል። ግማሹ «ሌቦች ናቸው፣ ሽሺ» ይላል። ግማሹ «ምን ይደረጋል፣ ክፈይና ተገላገይ» ይላል። ሁለታችሁም መኪናውን አላያችሁትም። እኔም አላየሁትም።

ሜካኒክ አይደለሁም። ለገሃር አካባቢ ቢሮ የምውል፣ አንዲት የ2004 ኮሮላ ዘጠኝ ዓመት የነዳሁ ሰው ነኝ። ካዛንቺስ ሳይፈርስ እዚያ አንድ የማምነው ሜካኒክ ነበረኝ። ሰፈሩ ሲነሳ እሱ ከተማ ዳር ሄደ። እኔም እንዳንቺ ከጋራዥ ጋራዥ መዞር ጀመርኩ። የማውቀውን አብዛኛውን ያወቅኩት ያኔ ነው፣ በኪሴ።

አንዱን ልንገርሽ። መኪናዬ ልክ እንዳንቺው ከፊት ትንኳኳ ነበር። አንድ ጋራዥ ሄድኩ። ልጁ መሪውን ይዞ ግቢውን አንድ ዙር ነዳና «አሞርዛተሩ ጨርሷል» አለኝ። ክሪክ አላነሳም፣ ጎማ አላወጣም፣ ከሥር አልገባም። አመንኩት። ዋጋ ላይ ግን ጎበዝ ነኝ ብዬ ሦስት ሱቅ ጠይቄ፣ ተከራክሬ፣ ሁለት የፊት አሞርዛተር በደህና ዋጋ ገዛሁ። ተገጠመ፣ ከፈልኩ፣ ወጣሁ። የመጀመሪያውን ስፒድ ብሬከር ሳልፍ፦ ኳ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የቢሮ ባልደረባዬ ሰንጋ ተራ አካባቢ ወደሚሠሩ አንድ ትልቅ ሰው ወሰደኝ። ጋሼ ካርቶን አንጥፈው ከሥር ገቡ። ረዥም ብረት አስገብተው እዚህም እዚያም ገፋ ገፋ አደረጉ። ከዚያ «ና እስቲ፣ እጅህን እዚህ አድርግ» አሉኝ። ተንበርክኬ እጄን ሰደድኩ። ጣት የምታህል የብረት ዘንግ ናት። ጫፏ ሊወልቅ እንደደረሰ የሕፃን ጥርስ ይነቃነቃል። ስታብላይዘር ሊንክ ትባላለች፤ መኪናው ሲታጠፍ እንዳያጋድል የሚይዘውን ብረት ከአሞርዛተሩ ጋር የምታያይዝ ናት። ሁለቱንም ጎን ቀየሩልኝ። ከአሞርዛተሩ ጋር ሲተያይ ዋጋዋ የሻይ ነበር። ኳኳታው በዚያው ጠፋ።

እና ያኔ የተበላሁት አሞርዛተሩን አስወድደው ስለሸጡልኝ አይደለም። ዋጋው ትክክል ነበር። የማያስፈልገኝን ዕቃ ነው በትክክለኛ ዋጋ የገዛሁት። ስለዚህ «9,500 ለአንድ አሞርዛተር ውድ ነው?» ከማለትሽ በፊት «አራቱም ለምን ይቀየራሉ?» በይ። ድምፁ ከፊት ነው ብለሻል። የኋላዎቹ ምን አደረጉ?

አሞርዛተር ማለቁን ራስሽ ማየት ትችያለሽ። ጎማው ሲወጣ ቱቦውን እዪው። ዘይት ተፍቶ፣ አቧራ ተለጥፎበት እርጥብ ጭቃ መስሎ ከሆነ አልቋል። ደረቅ ከሆነ የመኪናውን ጥግ በሁለት እጅሽ በደንብ ተጫኚና ልቀቂ። አንዴ ተነስታ ከቆመች ደህና ናት። እንደ ፍራሽ ሁለት ሦስት ጊዜ ከዘለለች ችግር አለ። ይሄ የላቦራቶሪ ምርመራ አይደለም፤ ግን ግቢውን ዞሮ ከሚፈርድ ሰው ይሻላል። ደግሞ አሞርዛተር በጥንድ ነው የሚቀየረው። የፊት ሁለቱ አብረው፣ የኋላ ሁለቱ አብረው። «አራቱን» የሚል ሕግ የለም። አንዱን ብቻ ቀይሩልኝ ብለሽም አትቆጥቢ።

ፍሬኑ ሌላ ነገር ነው። እሱ ላይ ጋራዡን አልጠረጥርም። ብዙ ሸራዎች ላይ ትንሽ ቆርቆሮ አለች። ሸራው ሲሳሳ ዲስኩን እየነካች እንድትጮህ ታስባ የተሠራች ናት። ሲጥ የሚለው እሷ ልትሆን ትችላለች። አዲስ ሸራ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት አለው። 3 ሚሊ ሜትር ከደረሰ ወዲያ መቀየር ነው እንጂ መከራከር የለም። ዲስኩ ግን ይለካ። የመጨረሻው የሚፈቀደው ውፍረት ብዙ ጊዜ ራሱ ዲስኩ ላይ ተጽፏል። ከዚያ በላይ ከሆነና ጥርስ ብቻ ካወጣ ቶርኖ ቤት (ብረት የሚላጥበት ቤት) ተልኮ ይላጣል። ከዚያ በታች ከሆነ 14 ሺውን ያለ ቅሬታ ክፈይ። ፍሬን ላይ ብልጥ መሆን አያስፈልግም።

«ልዩ ልዩ 5 ሺህ» የምትለዋ መስመር አስቃኛለች። ምንድነው ልዩ ልዩ? ቅባት ነው? ቡለን ነው? ምሳ ነው? ይዘርዝሩልሽ። መልስ ከሌለው ከፕሮፎርማው ይውጣ።

አሁን ሒሳቡን እዪው። የኋላ አሞርዛተሮቹ ደህና ከሆኑ 19 ሺህ ይወርዳል። ዲስኩ ከተረፈ 14 ሺህ። ልዩ ልዩው ከተሰረዘ 5 ሺህ። በድምሩ 38 ሺህ ብር። የቀረው 42 ሺህ ነው፣ ከቫት ጋር 48,300፤ ቶርኖውን ሳይጨምር። አንድም ዕቃ ላይ ዋጋ ሳትከራከሪ ማለት ነው። ተገላቢጦሹም ይሆናል። ሁሉም ታይቶ ሁሉም አልቆ ከተገኘ 92 ሺው ሌብነት አይደለም።

የእጅ ዋጋውን እባክሽ ተዪው። እኛ አበሾች ጋራዥ ስንገባ የምንከራከረው እሱ ላይ ነው፤ ሌላውን ስለማናውቀው። 12 ሺውን 8 ሺህ አስደርገሽ በደስታ ትወጫለሽ። ሜካኒኩ ግን ልጆች አሉት። ያስቀረሽበትን 4 ሺህ ከዕቃው ላይ ያገኘዋል። ዕቃ ሱቁ ደንበኛ ለሚያመጣለት ሰው ኮሚሽን እንደሚያስብ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ወይ ኦሪጅናል ብሎ ጽፎ ሌላ ይገጥምልሻል። እኔ አሁን የማደርገው ተቃራኒውን ነው። «እጅህን በደንብ እከፍልሃለሁ፣ ዕቃውን እኔ እገዛለሁ» እላለሁ። በዚህ የተናደደ ሜካኒክ ካለ መልሴን አገኘሁ ማለት ነው። የሚስማማው ደግሞ ብዙ ጊዜ «እንግዲያው ይሄን ይሄን ቀይር፣ ያኛው ይቆይልሃል» ብሎ ዝርዝሩን ራሱ ያሳጥረዋል። ይሄ ሁሌ ይገርመኛል። አንዳንዶች ግን ራሳቸው ላልገዙት ዕቃ ዋስትና አይሰጡም። እሱ አግባብ ነው፤ ቀድመሽ ተነጋገሪበት።

ዕቃ ልግዛ ካልሽ ሶማሌ ተራ መሄድሽ አይቀርም። ገና ከታክሲ ሳትወርጂ «ምን ፈልገሽ ነው እህት?» የሚል ልጅ ይከተልሻል። አመስግነሽ እለፊው፤ የእሱም ድርሻ ዋጋው ላይ ይደመራል። «የቪትዝ አሞርዛተር» ብለሽ አትጠይቂ። ቪትዝ አንድ አይነት አይደለም። የሻንሲ ቁጥሩን ፎቶ አንስተሽ ያዢ፤ ኤንሲፒ 10 እና ኤስሲፒ 10 የሚባሉት የቪትዝ ዓይነቶች ሞተራቸው ራሱ ይለያል። የአሮጌውን ዕቃ ቁጥርም ያዢ። የቶዮታ የፊት ሸራ ቁጥሩ 04465 ብሎ ነው የሚጀምረው። የፊት ቀኝ አሞርዛተር 48510፣ የፊት ግራ 48520 ይላል። ቁጥር ይዞ የሚጠይቅን ሰው ነጋዴው በሌላ ዓይን ነው የሚያየው። የማታውቂው ቢሆን እንኳ የምታውቂ ትመስያለሽ።

ቀጥሎ «የማን ነው?» በይ። አሞርዛተር 9,500 የሚለው ጽሑፍ ብቻውን ዋጋ አይባልም። ካያባ የሚባለው የጃፓን ድርጅት የሠራው ነው? የታይዋን ነው? የቻይና ነው? ወይስ ከፈረሰ መኪና የወጣ? አራቱም አሞርዛተር ይባላሉ፣ አራቱም ዋጋቸው ለየቅል ነው። ጋራዡም ፕሮፎርማው ላይ ስሙን ይጻፍልሽ። ካልጻፈ ከየትኛው ሱቅ ጋር እንደምታወዳድሪው አታውቂም። ቫትም እንደዚያው ነው። ሱቁ ያለ ደረሰኝ የሚነግርሽን ዋጋ ቫት ከተጨመረበት ፕሮፎርማ ጋር አስተያይተሽ «አገኘኋቸው!» አትበይ። ቫቱን አውጥተሽ ከ80 ሺው ጋር ነው የምታወዳድሪው።

ርካሽ ርካሽ ማለትም ጣጣ አለው። አንድ ጊዜ ሸራ በግማሽ ዋጋ አገኘሁ ብዬ ተደሰትኩ። ካርቶኑ ኦሪጅናሉን ቁርጥ ይመስላል። አራት ወር አልቆየም። ከማዘጋጃ ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ ቁልቁል ስወርድ ፍሬኑን ስረግጥ እግሬ ሥር እንደ ጠጠር ይፈጫል። ቸርችል ጎዳና እንደዚያ ቀን ረዝሞብኝ አያውቅም። ሸራው አልቆ ብረቱ ዲስኩን በልቶታል። መጨረሻ ላይ ሸራም ዲስክም ገዛሁ። አሁን ፍሬንና መሪ ላይ ደህናውን፣ የበር እጀታና መስታወት ላይ ያገለገለውን ነው የምገዛው።

«ጓደኛዬ በዚህ ብር ነው ያሠራው» የሚልሽን ሰው ደግሞ መቼ እንደሆነ ጠይቂው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት ከሆነ እርሺው። የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ሲባል ዶላር ባንክ ውስጥ 57 ብር ገደማ ነበር። በጥቂት ሳምንታት 100 ብር አለፈ። ዕቃው ደግሞ በዶላር ነው የሚመጣው። ዛሬ ሱቁ ውስጥ ያለውን ዕቃ በድሮ ብር ያስመጣው ነጋዴ እንኳ የሚያስበው ነገ የሚተካበትን ዋጋ ነው። ቤንዚን የሚጠጣ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለችንን አሮጌ እየጠገንን መንዳት ነው።

አንድ ፈተና ልጨምርልሽ፣ እኔን ብዙ ጊዜ ረድቶኛል። አንድ ጋራዥ ለኮሮላዬ ፕሮፎርማ ሲሠራ «ታይሚንግ ቺንጋ» (የሞተሩን ክፍሎች አስማምቶ የሚያዞር ቀበቶ) ብሎ ጽፎ ነበር። የእኔ ሞተር ቺንጋ የለውም፤ ሰንሰለት ነው። እንደ ቺንጋ በየጊዜው የሚቀየር አይደለም። ያንቺም ቪትዝ ሰንሰለት ነው። ልጁን «የት ጋ ነው ቺንጋው? አሳየኝ» አልኩት። ኮፈኑን ከፍቶ ለረዥም ጊዜ ወደ ውስጥ ተመለከተ። ከዚያ «የሌላ መኪና ፕሮፎርማ ተቀላቅሎብኝ ነው» አለ። ምናልባት እውነቱን ይሆናል። መኪናዬን ግን ይዤ ወጣሁ።

ስለዚህ እስካሁን ካልከፈልሽ አትጣዪ፣ አትሳደቢ። ነገ ተመልሰሽ ሂጂና «መኪናዋን አንሱልኝ፣ እያንዳንዱን አሳዩኝ» በይ። ከመጀመሪያው ያዩት ከሆነ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። «ያወጣችሁትን አሮጌ ዕቃ እወስዳለሁ» ብለሽም ቀድመሽ ተናገሪ። ከቻልሽ ወንድምሽን ወይ ጎረቤት ያለ ሹፌር ይዘሽ ሂጂ። ወንድ ስለሆነ ያውቃል ብዬ አይደለም፣ ሁለት ሰው ሲቆም ወሬው ያጥራል። ሌላ ጋራዥ ለማሳየት ከወሰንሽ ደግሞ የመጀመሪያውን ፕሮፎርማ አታሳዪያቸው። ምን እንደሚሰማሽ ብቻ ንገሪያቸውና እነሱ ምን እንደሚያገኙ ጠብቂ።

ጎማው ሲወጣ ሊንኩን በእጅሽ ነቅነቅ አድርጊው፤ መኪናሽ ካለው ከአሞርዛተሩ ጎን ነው የሚገኘው። የሸራውን ጠርዝና የአሞርዛተሩን ቱቦ ቀረብ ብለሽ ፎቶ አንሺና እዚሁ ለጥፊልን። ሰንጋ ተራ ላሉት ጋሼ አሳይልሻለሁ።