ቀድማ ለተወለደች ልጅ ስንት ወተት፣ በምን አሰጣጥ?

ጥያቄ፦ ልጄ በ33 ሳምንቷ፣ 1,600 ግራም መዝና ተወለደች፤ ዛሬ 9ኛ ቀኗ ነው። ጡት ይዛ ጥቂት ትስብና እንቅልፍ ይጥላታል። ያለብኩትን ወተት በሲኒ ስሰጣት ደግሞ ትን ይላታል። ምን ያህል፣ እንዴት ልስጣት?

መልስ፦ የሚጥላት ድካም ነው። መሳብን፣ መዋጥንና መተንፈስን ማቀናጀት የሚጀመረው ከ32 እስከ 34 ሳምንት ባለው ጊዜ ስለሆነ፣ ልጅዎ ገና እየለመደችው ነው።

ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ የተለመደው ግብ በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ150 እስከ 180 ሚሊ ሊትር ነው። በ160 ብናሰላው ለ1.6 ኪሎ 256 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ በየሦስት ሰዓቱ ለ8 ጊዜ ሲከፈል 32 ሚሊ ሊትር ገደማ ይደርሳታል። ሆዷ ከተነፋ ወይም አረንጓዴ ካስመለሳት ግን ስሌቱን ይተዉትና ወዲያው ለሐኪም ያሳዩአት።

ትን የሚላት፣ ወተቱ አፏ ውስጥ ስለሚፈስ ይመስለናል። በደንብ ስትነቃ እጇን በጨርቅ ሰብስበው ቀና አድርገው ያስቀምጧት። የሲኒውን ጠርዝ ታችኛው ከንፈሯ ላይ ያሳርፉና ወተቱ ከንፈሯን እስኪነካ ብቻ ያዘንብሉት፤ በምላሷ እየላሰች ራሷ ትውሰድ። ስታርፍ ይጠብቋት። ከግማሽ ሰዓት በላይ አያስቸግሯት፤ የጎደለው ወደ ሆዷ በሚገባ ቀጭን ቱቦ ይሞላል። አንገቷ ሥር ያለው ጨርቅ የጠጣው እንደጠጣችው ተቆጥሮ ክብደቷ ለምን እንዳልጨመረ ግራ የሚጋቡ ብዙ ናቸው! ጨርቁን ከመስጠትዎ በፊትና በኋላ ቢመዝኑት የፈሰሰው ይታወቃል።

የቆመ ወተት ቅባቱ ከላይ ይንሳፈፋል፣ ዕቃውም ላይ ይለጠፋል፤ ስለዚህ ከመስጠትዎ በፊት ቀስ አድርገው ያዙሩት። ወተቱ እንዳይቀንስ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 8 ጊዜ ይለቡ፤ የሌሊቱ አይዘለል።

ጥያቄ፦ የማሞቂያ ሳጥን እያለ ገላ ለገላ ማቀፍ ለምን ያስፈልጋል?

መልስ፦ የዓለም ጤና ድርጅት ያስተባበረውና በ2021 የታተመው ጥናት ይህንኑ ጠይቆ ነበር። በጋና፣ በህንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ ከ1,000 እስከ 1,799 ግራም የሚመዝኑ ሕፃናት ተመደቡ፤ ግማሾቹ ከተወለዱ ወዲያው፣ ግማሾቹ ሁኔታቸው ሲረጋጋ ታቀፉ። በ28 ቀን ውስጥ የሞቱት ከቀዳሚዎቹ 12.0፣ ከኋለኞቹ 15.7 በመቶ ነበሩ። ልዩነቱ ስለጎላ ጥናቱ ከታሰበው ጊዜ በፊት ቆመ። ቀዳሚዎቹ በቀን ወደ 17 ሰዓት ይታቀፉ እንደነበር ልብ ይበሉ፤ የ20 ደቂቃ እቅፍ ያንን ውጤት አያመጣም፣ በየጊዜው ሲያወጧትና ሲመልሷት ደግሞ ትበርዳለች።

ዳይፐር፣ ኮፍያና ካልሲ ብቻ አድርጋ በጡቶችዎ መካከል ቀጥ ብላ ትቀመጥ፤ ፊቷ ወደ ጎን ይዙር፣ እግሯ እንደ እንቁራሪት ይታጠፍ። ከደረትዎ ጋር የሚያስራት ጨርቅ የላይኛው ጠርዝ ከጆሮዋ ሥር ይድረስ። ከላላ ወደ ታች ትንሸራተትና አገጯ ደረቷ ላይ ይወድቃል፤ የአየር መንገዷ የሚዘጋው ያኔ ነው። እርስዎም ጋደም ሲሉ ከወገብ በላይ ቀና ይበሉ።

ጥያቄ፦ የብረት ጠብታ መቼ ይጀመር?

መልስ፦ የብረት ክምችት የሚሞላው በእርግዝናው የመጨረሻ ሦስት ወራት ስለሆነ ቀድመው የሚወለዱት ሳይሞላላቸው ይወጣሉ። የእናት ወተት ብቻ ለሚጠቡት ከ2 ሳምንት ጀምሮ እስከ 6 ወር፣ በቀን ለአንድ ኪሎ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ግራም ይመከራል። ይህ የንጹህ ብረት መጠን ነው። ብልቃጡ ላይ የተጻፈው የጨዉ (ብረቱ ያለበት ውህድ) ክብደት ከሆነ ብረቱ ከዚያ እጅግ ያንሳል፤ ከመለካትዎ በፊት ፋርማሲስቱን የትኛው እንደሆነ ይጠይቁ።