መልሱን አይተህም ካልገባህ፦ የክሪፕቲክ ክሮስወርድ ፍንጭ እንዴት ይነበባል?

ጥያቄውን ላላዩት ባጭሩ ልድገመው። ወንድማችን የእንግሊዝኛ ጋዜጣ ላይ ያለውን ክሪፕቲክ ክሮስወርድ (በፍንጭ እየተመሩ የሳጥን መረብ በቃላት የሚሞሉበት ጨዋታ፣ ፍንጩ ሆን ብሎ የሚያሳስተው ዓይነት) ይሞክራል፤ እምቢ ይለዋል። በማግስቱ መልሱ ሲወጣ ያየዋል፤ ለምን ያ መልስ እንደሆነ ግን አይገባውም። «ችግሩ እንግሊዝኛዬ ነው ወይስ የማላውቀው ነገር አለ?» ብሎ ጠይቋል። የድሬ ልጅ ስለሆንኩ አንተ እያልኩ ልመልስልህ።

የማታውቀው ነገር አለ። እንግሊዝኛህ ይበቃል፤ ጋዜጣውን አንብበህ ከተረዳህ ክሮስወርዱም አያቅትህም። ያስቸገረህ ፍንጩን እንደ ተራ ዓረፍተ ነገር ማንበብህ ነው። ፍንጩ ዓረፍተ ነገር መስሎ የቀረበ መመሪያ ነው።

እኔ ይህን የተማርኩት ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ የምድር ባቡር ጡረተኛ ጎረቤታችን ነው። መልሱን ብቻ ብነግረው አይቀበለኝም ነበር። ፍንጩ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ቃል ምን ሥራ እንደሠራ ማስረዳት ነበረብኝ። ሥራ ያልተሰጠው ቃል ከተረፈ መልሱ በእርሳስ ይጻፋል፤ ሁሉም ከተብራራ ብቻ በእስክሪብቶ። እስካሁን የምሠራው እንደዚያው ነው። ላንተም ከዚህ የተሻለ ምክር የለኝም።

አሁን ወደ አሠራሩ። አንድ ፍንጭ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ክፍል አለው። አንዱ የመልሱ ፍቺ ነው፤ እንደ መዝገበ ቃላት ቀጥ ያለ። ሌላው ያንኑ መልስ ከፊደል የሚሠራ የቃል ጨዋታ ነው። ፍቺው ሁልጊዜ ወይ መጀመሪያ ላይ ወይ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል፤ መሐል አይገባም። በቅንፍ ያለው ቁጥር የመልሱ ፊደል ብዛት ነው። ስለዚህ አንዱን መልስ በሁለት መንገድ ታገኘዋለህ ማለት ነው፤ ሁለቱ ከተገናኙ ትክክል ነህ። ከተለመደው ክሮስወርድ ይልቅ ይሄኛውን የምወደው ለዚህ ነው። የተለመደው ላይ «ወንዝ (4)» ቢልህ አራት ፊደል ያለው ወንዝ ሁሉ ይሆናል፤ እዚህ ግን ማረጋገጫው ፍንጩ ውስጥ አለ።

በእንግሊዝኛ ከማብራራ እኔው ራሴ በአማርኛ በሠራኋቸው ላሳይህ።

«ደጅ ላይ አራሽ ቆሟል፤ ወጥ የሚያቀላ (4)»። መጀመሪያ የሚታይህ በር ላይ የቆመ ገበሬ ነው አይደል? ገበሬውን እርሳው። ደጅ በር ነው። የሚያርሰው ደግሞ በሬ። ጎን ለጎን አቁማቸው፤ በርበሬ። «ወጥ የሚያቀላ» ፍቺው ነው። ያልተብራራ ቃል አልቀረም፤ በእስክሪብቶ ጻፈው።

«አባ የበግ ራስ ዋጡ፤ በመስከረም የሚፈነዳ (3)»። የበግ ራስ ማለት «በግ» የሚለው ቃል የመጀመሪያ ፊደል ነው፣ በ። «ዋጡ» ሲል «አባ» የሚለው ቃል በ-ን መሐሉ አስገባ ማለቱ ነው። አ፣ በ፣ ባ። አበባ። መዋጥ፣ ማቀፍ፣ መክበብ የሚሉ ግሶች ስታይ አንዱን ቃል ሌላው ውስጥ ክተት።

«ገቡ ናዝሬት ውስጥ፣ ትኩስ መጠጥ ፍለጋ (2)»። ይሄ የሁሉም ቀላሉ ነው። መልሱ ዓይንህ ሥር ተጽፏል፤ የ«ገቡ» መጨረሻና የ«ናዝሬት» መጀመሪያ። ቡና።

«የከዋክብት ሰፈር፣ ይሰማ ሲሰክር (3)»። እዚህ ፍቺው ከፊት መጥቷል። የሰከረ ሰው ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ፊደሎቹም እንደዚያው ይዘበራረቃሉ። ይ፣ ሰ፣ ማ ቦታ ሲቀያየሩ ሰማይ ይሆናሉ። እንግሊዞቹም ስካር፣ እብደት፣ ስብራት፣ ጭፈራ፣ ምግብ ማብሰል ሲጠሩ አብዛኛውን ጊዜ «ፊደሎቹን በጥብጥ» እያሉህ ነው።

«ልብ ሲገለበጥ ልብስ ይበላል (2)»። ልብ ወደ ኋላ ሲነበብ ብል ነው።

የመጨረሻው እኔ በጣም የምወደው ዓይነት ነው። «በዓሉ አልደረሰም (2)»። ሁለት ፍቺ ብቻ፣ ሌላ ምንም የለም። ገና ጠብቆ ሲነበብ በዓሉ ነው፤ ላልቶ ሲነበብ አልደረሰም ማለት ነው። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ ለእንዲህ ያለው ፍንጭ በጣም ይመቻል።

ይህን ስታይ ሰምና ወርቅ ትዝ ብሎህ ይሆናል። እውነት ነው፣ ኅብረ ቃል እየሰማ ያደገ ሰው አንድ ቃል ሁለት ቦታ እንደሚቆም ማንም አይነግረውም። ግን አንድ ትልቅ ልዩነት አለ፤ ብዙ ጎበዝ ሰዎች እዚያ ላይ ሲሰናከሉ አይቻለሁ። ቅኔ ውስጥ ሰሙም ክብር አለው፤ ከወርቁ ጋር ተደጋግፎ ይሄዳል። ክሪፕቲክ ላይ ግን ላይኛው ንባብ አብዛኛውን ጊዜ ከመልሱ ጋር ዝምድና የለውም። ሊያሳስትህ ብቻ ነው የተቀመጠው። ሥርዓተ ነጥቡም እንደዚያው፤ ነጠላ ሰረዙ ያረፈበት ቦታ ፍንጩ የሚከፈልበት ቦታ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ምስሉን በአእምሮህ አትሳለው። ቃል በቃል ለያየውና እያንዳንዱን «አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?» ብለህ ጠይቀው።

በአማርኛ ራስህ ማውጣት ካማረህ ሁለት ነገር አስብበት። እኛ በአንድ ሳጥን የምናስገባው ተነባቢና አናባቢ የያዘ ፊደል ነው። ወደ ጎን ያለው ቃል «ቡ» ከፈለገ ወደ ታች ያለውም ያንኑ «ቡ» መፈለግ አለበት፤ «በ» አይተካውም። መረቡን መሥራት ከባድ የሚሆነው በዚህ ነው። ሌላው ሰ እና ሠ፣ ሀ እና ሐ ናቸው። «ራስ ሲገለበጥ ስራ» ብትል በሠ የሚጽፍ ሰው ይሟገትሃል። ከመጀመሪያው ሞክሼ ፊደላትን እንደ አንድ እቆጥራለሁ ብለህ ብታሳውቅ ይሻላል።

ወደ እንግሊዝኛው ልመለስ። እዚያ በልምድ የሚታወቁ ቃላት አሉ፤ እነሱን ካልነገሩህ አታገኛቸውም። «ፍላወር» (flower) ካለ ሁልጊዜ አበባ ላይሆን ይችላል፤ flow መፍሰስ ስለሆነ «የሚፈስ» ለማለት ነው፣ ማለትም ወንዝ። «ወርከር» ብዙ ጊዜ ጉንዳን ወይም ንብ ነው። አቅጣጫ ከተጠራ የኮምፓስ ፊደል ነው፤ ሰሜን ኤን፣ ምሥራቅ ኢ። ቁጥር ከተጠራ የሮማውያን ቁጥር ሊሆን ይችላል፤ ሃምሳ ኤል፣ መቶ ሲ። «የፈረንሳይ ዘ (the)» ካሉ ደግሞ ኤል እና ኢ ወይም ኤል እና ኤ ጻፍ። ይሄኛው ለጎረቤታችን ውሃ መጠጣት ነበር። የጅቡቲው ሐዲድ በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬ ሲደርስ ፈረንሳይኛንም ይዞ ነው የመጣው፤ የምድር ባቡር ሰው የፈረንሳይኛ መስተአምር (እንደ «ዘ» ያለው ቃል) አይጠፋውም። እነዚህን ቃላት ሲያጋጥሙህ በደብተር ያዛቸው። ደጋግመው ይመጣሉ።

ከጥያቄው ሥር አንድ አባል «ጊዜ ማጥፊያ ነው» ብሎ ጽፏል። አልስማማም። የመጀመሪያውን ክሮስወርድ አርተር ዊን ኒው ዮርክ ወርልድ ጋዜጣ ላይ ያወጣው ታኅሣሥ 1913 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያ ቀጥተኛው ዓይነት ነበር። ክሪፕቲኩ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር መልክ ያዘ። በ1942 እ.ኤ.አ. ዴይሊ ቴሌግራፍ የእሱን ክሮስወርድ በ12 ደቂቃ የሚፈታ ካለ ይምጣ ብሎ ውድድር አዘጋጀ። ከተወዳዳሪዎቹ አንዳንዶቹ ኋላ ላይ የጀርመንን ምሥጢራዊ መልእክት ለሚፈታው ለብሌችሊ ፓርክ ተጠርተዋል። አገሩ በጦርነት ላይ እያለ እንዲህ ያለውን አእምሮ ፈልጎታል።

አጀማመርህን በተመለከተ፣ አቦ፣ መልስ ማየት ነውር አይደለም። እንዲያውም በመልሱ ጀምር። ያለፈውን ቀን ክሮስወርድና መልሱን አንድ ላይ ያዝ፤ ከመልሱ ተነስተህ ወደ ፍንጩ ሂድ። ፍቺው የቱ ነው? ከፊት ነው ከኋላ? የቀሩት ቃላት ምን ሠሩ? እንዲህ እያልክ ጥቂት ሳምንት ብትቆይ በራስህ መፍታት ትጀምራለህ። ከዚያ የተደበቁትንና የተዘበራረቁትን አስቀድም፤ እነሱን ማወቅ ይቀላል፤ ለሌሎቹም ማቋረጫ ፊደል (ወደ ጎንና ወደ ታች ያሉት ቃላት የሚጋሩትን) ይሰጡሃል። ጋዜጣም አትቀያይር። አንድ ጋዜጣ ላይ ከቆየህ የአውጪዎቹን አመል ትለምደዋለህ። የጋርዲያን የሰኞው ከሌሎቹ ቀናት ቀለል ስለሚል ለጀማሪ ጥሩ ነው።

ሲጣበቅብህ ተወውና ሌላ ሥራ ሥራ። ስትመለስ ቃሉን በሌላ ዓይን ታየዋለህ፤ ይህ እኔ ላይ ደጋግሞ ደርሷል።

እስከዚያው ይቺን ሞክራት፦ «ሌሊት ያልሆነው መግቢያ፣ ጥንድ በሬ የሚያገናኝ (4)»። መልሱን ብቻ ሳይሆን ማብራሪያውን ጭምር ከታች ጻፍልኝ። ያስቸገረህን የእንግሊዝኛ ፍንጭም ከነፊደል ቁጥሩ ለጥፈው፤ ቃል በቃል አብረን እንለያየዋለን።